ስለ እ.ኤ.አ. 1949ኙ የ«እናት ኩራዥ» ተውኔት የመድረክ ዝግጅት ለጠየቅሽው መልስ

ተውኔቱን ለጊዜው አስቀምጪውና ከጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ከብሬክት «የኩራዥ ሞዴል» ጀምሪ። «ተውኔቱን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ስለ መድረክ ዝግጅቱ ግን የምጽፈው አጣሁ» ያልሽው የምትፈልጊው ነገር ቃለ ተውኔቱ ውስጥ ስለሌለ ነው። በሞዴሉ የበርሊኑ ዝግጅት ትዕይንት በትዕይንት በፎቶግራፍና በማብራሪያ ተሰንዷል። ከፎቶ አንሺዎቹ አንዷ ሩት ቤርላው ናት።

1. አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ሦስተኛውን እወስዳለሁ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኩራዥ የተያዘ ልጇን ለማስለቀቅ በሚከፈለው ጉቦ ዋጋ ስትከራከር ልጇ የሚገደልበትን።

2. ፎቶውንና ቃለ ተውኔቱን ጎን ለጎን አድርገሽ፣ ጽሑፉ የማይለውን ብቻ መዝግቢ። ኩራዥን የተጫወተችው ሄለነ ቫይገል እዚያ ላይ አፏን በሰፊው ከፍታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ያለ ድምፅ ትጮኻለች። ይህን ጩኸት ቃለ ተውኔቱ ውስጥ አታገኚውም። ያቺ ቅጽበት ብቻዋን አንድ የጥናት ምዕራፍ ታስጽፋለች።

3. ከዚያ በኋላ በርሊን በሥነ ጥበባት አካዳሚ ሥር ላለው የብሬክት ቤተ መዛግብት ጻፊ። ጥያቄሽ ጠባብ ይሁን፤ ትዕይንቱንና ዓመቱን ጥቀሺ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፓሊችና ቬክቨርት ለምሥራቅ ጀርመን የፊልም ድርጅት ለዴፋ ከተውኔቱ ያዘጋጁት ፊልም የእ.ኤ.አ. 1961 ሥራ ነው። ቫይገል ብትኖርበትም ብሬክት ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ካሜራው የት እንደሚቆም የወሰኑትም ሌሎች ናቸው። ፊልሙን ለ1949ኙ ምሽት ማስረጃ አድርገሽ እንዳትጠቅሺው፤ ለብቻው አጥኚው።