የአያቴ የወርቅ ሳንቲም ብርቅ ነው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ከማርትሬዛ ብሮች ጋር በድሪያቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረ ትልቅ የአሜሪካ ወርቅ ሳንቲም በእጄ ይገኛል። በአንድ ፊቱ አክሊል የደፋች ሴት፣ ከሥሯም 1904 የሚል ዓመት፣ በሌላው ፊቱ ንስር አለበት፤ ጠርዙ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አንድ ወርቅ ሠሪ «ማንጠልጠያውን ነቅዬ በአሲድ ላጽዳልሽ፤ መቶ ዓመት ያለፈው ብርቅ ስለሆነ በውድ ይሸጥልሻል» አሉኝ። እውነት ነው? ላስጸዳውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያስጸዱት። በገለጻዎ መሠረት ሳንቲሙ አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1850 እስከ 1907 ለገበያ ያወጣችው፣ «ድርብ ንስር» የሚባለው የ20 ዶላር ወርቅ ነው። ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 33.4 ግራም ሲሆን፣ ከመቶው ዘጠናው እጅ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ ነው።

ዕድሜ ብቻውን ሳንቲምን ብርቅ አያደርገውም፤ ወሳኙ ስንት ተመቶ ስንቱ ከመቅለጥ ተረፈ የሚለው ነው። በ1904 በፊላደልፊያ ከ6.2 ሚሊዮን በላይ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በላይ የ20 ዶላር ወርቆች ተመትተዋል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ሕዝቡ የያዘውን ወርቅ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ባዘዙ ጊዜ፣ አስቀድመው በንግድ ክፍያ ወደ አውሮፓ ባንኮች የተሻገሩት ብዙ ሳንቲሞች ከምድጃው ስላመለጡ፣ የ1904 ምርት ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። በዚያው በ1933 የተመቱት 445,500 የ20 ዶላር ወርቆች ግን ገበያ ሳይወጡ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀለጡ፤ በግለሰብ እጅ እንዲያዝ የተፈቀደው አንድ ሳንቲም በ2021 በኒው ዮርክ ጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሎበታል። ይህ ሳንቲም በዕድሜ ከእርስዎው በ29 ዓመት ያንሳል።

እንደ እርስዎው ያለ ብዙ የተመታ ሳንቲም ከወርቅነቱ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ይዞታው እጅግ ያማረ እንደሆነ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይዞታን ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይመዝናሉ፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሚሰጠው በእጅ ተዘዋውሮ ላልተሸረሸረ ነው። ጠርዙን ይዘው በመስኮት ብርሃን ቀስ እያሉ ያዘንብሉት፤ ያልተነካ ሳንቲም ላይ ጸዳሉ ከመሀል ወደ ጠርዝ እየተዘረጋ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ይህ ጸዳል ከማተሚያው ብረት የተገኙት ረቂቅ መስመሮች የሚሰጡት ነውና፣ አሲድም ሆነ በሎሚ ማሸት ከበላው በኋላ የሚመልሰው የለም። ከሴቲቱ ጆሮ በላይ ያለው ጸጉር ለጥ ብሎ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በድሪው ላይ ከጠገራ ብር ጋር ሲፋተግ መጀመሪያ የሚሸረሸረው ጎልቶ የወጣው ክፍል ነው።

ብየዳው ሳንቲሙ ላይ እንደ ደረሰ ጉዳት ይቆጠራል፤ ማንጠልጠያው ቢነቀል እንኳ ጠባሳው አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን ከባቲ ገበያ ሴቶች አንገት ላይ እንደምናየው ዓይነት ድሪ፣ የአያትዎም ሳንቲሙ እንደ ተሰካበት ቢቆይ ለቤተሰቡ ተነቅሎ ከሚሸጠው ወርቅ የበለጠ ክብር አለው።

መሸጥ ግድ ከሆነብዎ የሚገመተው በወርቅነቱ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ዘጠና በመቶ ወርቅ ማለት 21.6 ካራት ነው። ገዢው 18 ካራት ብሎ ካሰበልዎ ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ ወርቅ ያጣሉ፤ 21 ካራት ቢል እንኳ ጉድለቱ 0.8 ግራም ይደርሳል። ማንጠልጠያውና ብየዳው የሌላ ካራት ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳንቲሙን ብቻውን 33.4 ግራም አድርጎ፣ መሸርሸሩ የሚያጎድለውን ጥቂት ቀንሶ፣ በ21.6 እንዲያሰላልዎ ይጠይቁ፤ ሂሳቡም ፊትዎ ላይ በወረቀት ይሠራ።