ወጣቱ ገብቶ የሚወጣበት ድረ ገጽ

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃዎች ጥገና ድርጅት አለን። ነባር ደንበኞቻችን ደውለው ነው የሚያዙን። ከኢንስታግራምና ከቲክቶክ የሚመጡት ወጣቶች ግን ድረ ገጻችንን ከፍተው ወዲያው ይወጣሉ። ዲዛይነራችን ጥቁር መደብ፣ መግቢያው ላይ ቪዲዮ፣ ገጹ በጣት ወደ ታች ሲጎተት እየተንሸራተቱ የሚመጡ ጽሑፎች ያሉበት አዲስ ንድፍ አቅርቦልናል። እንቀበለው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ለጊዜው አቆዩት። ጥገና ፈልጎ የመጣ ሰው የገጹ መልክ ስላረጀ ብቻ ጥሎ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ ስንት እንደምታስከፍሉ፣ መቼ እንደምትመጡና ሳይደውል ማዘዝ ይችል እንደሆነ ፈልጎ አጥቶ ነው። እነዚህ ካልተመለሱ አዲሱ ንድፍ ያንኑ ችግር ጥቁር መደብ ላይ ማስቀመጥ ይሆናል።

መጀመሪያ ስልክ አንሱና ኢንስታግራም ገጻችሁ ላይ ያለውን ሊንክ ነክታችሁ እስከ መጨረሻው ለማዘዝ ሞክሩ። ኮምፒውተር ላይ መፈተሽ እዚህ አይጠቅምም። ሊንኩ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በክሮም ወይም በሳፋሪ ሳይሆን መተግበሪያው ውስጥ ባለው አሳሽ ነውና። ሰውየው ክሮም ላይ ያስቀመጠው የይለፍ ቃል እዚያ ብዙ ጊዜ አይገኝም። «በጎግል ይግቡ» የሚል በተን ካላችሁ ደግሞ ጎግል ለደኅንነት ሲል እንዲህ ባለ አሳሽ ውስጥ መግባትን ስለሚከለክል የስህተት ገጽ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ለማዘዝ አካውንት መክፈት ግዴታ አይሁን።

ፎርሙ ስም፣ ስልክ፣ አካባቢ፣ የተበላሸውን ዕቃና የሚመቸውን ጊዜ ከጠየቀ ይበቃል። ኢሜይል መሙላት የግድ አይሁን። የስልክ ቁጥር መጻፊያው ሳጥን ዓይነቱ ኮዱ ውስጥ «ቴል» (tel) ተብሎ ይሠራ፤ ያኔ የስልክ ቁጥር ኪቦርድ ይከፈታል። «ነምበር» (number) ከተባለ በፕላስ የሚጀምር ስልክ ቁጥርን በትክክል አይቀበልም። ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ሳጥኑ በተነካ ቁጥር ገጹን በራሱ ያጎላዋል፤ ሰውየው የቀረውን ፎርም በጣቱ እየጎተተ መፈለግ ይጀምራል። የመላኪያው በተን ቁመት ቢያንስ 48 ፒክስል ይሁን፤ ትንሽ ከሆነ አውራ ጣት ሳይነካው ያልፋል።

የዕቃውን ፎቶ ማያያዣም ጨምሩ፤ በተለይ የሞዴል ቁጥሩ ያለበትን መለያ ጠይቁ። ቴክኒሻኑ ትክክለኛውን መለዋወጫ ይዞ ይሄዳል። ግን እዚህ ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለ። በፒኤችፒ (ብዙ ድረ ገጾች በሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) የሚሠራ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ ቅንብሩ ካልተነካ ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ የስልክ ፎቶ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሰውየው ሁሉን ሞልቶ «ላክ» ሲል ፎርሙ ያለ ምንም ማብራሪያ ባዶውን ሊመለስበት ይችላል። ደግሞ የሚሞላ ጥቂት ነው። ፎቶው ከመላኩ በፊት እዚያው ስልኩ ላይ ወደ 1600 ፒክስል ስፋት እንዲቀነስ ፕሮግራመሩን ጠይቁ፤ የሰርቨሩንም ገደብ ወደ 10 ሜጋባይት አስነሱ። የአንድ ፋይል ገደብና የጠቅላላው መልእክት ገደብ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ሳይነካ ሲቀር 8 ሜጋባይት ስለሆነ እሱም ከ10 በላይ መሆን አለበት። ፎቶ የሌለው ሰው ያለ ፎቶ ይላክ።

ዋጋ ላይ «እንደ ሥራው ይለያያል» የሚለውን አውጡት። እውነት ነው፤ ለአንባቢው ግን ምንም አይነግረውም። መጥቶ ለማየት የሚከፈለውን፣ ለተለመዱት አምስት ስድስት ብልሽቶች ከዚህ እስከዚህ የሚል የእጅ ዋጋ፣ መለዋወጫ ለብቻው የሚታሰብ መሆኑን፣ ዕቃው ከተሠራ መጥቶ ለማየት የተከፈለው ይቀነስ አይቀነስ ጻፉ። ጊዜን በተመለከተ ማንም የማይከታተለው የቀጠሮ ሰሌዳ ከማስገባት «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብቻ አስመርጣችሁ ወዲያው በአጭር መልእክት ብታረጋግጡ ይሻላል።

ወደ ዲዛይነሩ ንድፍ ስንመጣ፣ ጥቁሩ መደብ በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ ጥቁር ላይ ግራጫ ጽሑፍ ነው። የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆኑን አስለኩ። ቪዲዮው ይቅር። የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ በደካማ ኔትወርክ ላይ ከባድ ቪዲዮ ይህን አያስችልም። በቦታው የራሳችሁ ቴክኒሻን ሥራ ላይ ያለበትን አንድ ፎቶ በዌብፒ (ፋይሉን በሚያሳንስ የፎቶ ዓይነት)፣ ከ150 ኪሎባይት ሳይበልጥ አስገቡ። ስፋትና ቁመቱ ኮዱ ውስጥ ይጻፍ፤ አለዚያ ፎቶው ሲመጣ በተኑ ወደ ታች ይዘልና ሰው ያላሰበውን ይነካል። እየተንሸራተቱ የሚመጡት ጽሑፎች የሚያንቀሳቅሳቸው ኮድ (ስክሪፕቱ) እስኪደርስ ተደብቀው ስለሚቆዩ፣ ስክሪፕቱ ከዘገየ ደንበኛው የሚያየው ባዶ ገጽ ነው። አስወጧቸው። በወጣቶች አነጋገር ለመጻፍም አትሞክሩ፤ ቶሎ ያረጃል፣ ሲያረጅ ደግሞ ያሳፍራል።

ነባሮቹን ደንበኞች እንዳታጡ ከገጹ ግርጌ የማይንቀሳቀስ መስመር ላይ ሁለት በተን ይኑር፦ «እዘዝ» እና «ደውል»። ሁለተኛው ሲነካ በቀጥታ ወደ ጥሪ ይውሰድ።

ሁሉንም ባንድ ቀን አትለውጡ። አሁን በፎርምና በስልክ የሚመጣውን ትዕዛዝ ለአራት ሳምንት ለየብቻ መዝግቡ። ከዚያ ፎርሙንና ዋጋውን በነባሩ ገጽ ላይ አስተካክሉና ሌላ አራት ሳምንት እዩ። መልኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደሠራ አታውቁም፤ ዲዛይነሩ ግን የእኔ ነው ማለቱ አይቀርም። የማኅበራዊ ሚዲያ ሊንኮቻችሁ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር፣ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ጽሑፍ) ካላስጨመራችሁ ከመተግበሪያ የመጣው ጎብኚ ብዙ ጊዜ ምንጩ ሳይታወቅ ይመዘገባል።

አዲሱ ገጽ ሲወጣ የገጾቹ አድራሻ ከተለወጠ እያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ አቻው አዲስ ገጽ በ301 ሪዳይሬክት (አሮጌውን አድራሻ የከፈተን ሰው በቋሚነት ወደ አዲሱ በሚወስድ ቅንብር) ይዞር፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመትም ይቆይ። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መወርወር ጎግል ዘንድ ገጾቹ እንደጠፉ ያስቆጥራል። በሙከራው ጊዜ ገጹ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ የተደረገበት «ኖኢንዴክስ» የሚባለው ትእዛዝም መነሳቱን ገጹ በወጣበት ቀን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ተረስቶ ከቀረ ጎግል ገጾቹን ከፍለጋ ውጤት ያወጣቸዋል።