ከትልቅ የኦዲት ድርጅት ወጥቶ ጎንደር ሥራ ስለመያዝ፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። አዲስ አበባ ባለ ትልቅ የኦዲት ድርጅት 4 ዓመት ሠርተሽ ሲኒየር ደርሰሻል፤ የኤሲሲኤ (የዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) 3 ፈተና ይቀርሻል፤ ቤተሰብሽ ወዳለበት ጎንደር ተመልሰሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ። መቼ ልልቀቅ፣ ምን ይዤ ልውጣ፣ የትስ ልግባ ነው ያልሽው። መልሱ ስለሚረዝም ታገሺኝ።

ጎንደር ያለ ቀጣሪ «ስንት ድርጅት ኦዲት አድርገሻል?» ብሎ ብዙም አይጨነቅም። እሱ የሚፈልገው ወሩን የሚዘጋለት (የወሩን ሂሳብ መዝግቦና አስተካክሎ የሚያጠቃልልለት)፣ ግብሩን በቀኑ የሚያሳውቅለትና ኦዲተር ሲመጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚመልስለት ሰው ነው። ኦዲተር ደግሞ ሌላ ሰው የዘጋውን መዝገብ ሲመረምር ይኖራል እንጂ ራሱ ከባዶ ተነሥቶ አይዘጋም። በመቶ የሚቆጠር የባንክ ማስታረቂያ (መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚያመሳክር ሰነድ) አይተሽ አንዱንም በእጅሽ ሳታዘጋጂ 4 ዓመት ማለፍ ይቻላል። ልምድ ያላቸው የፋይናንስ ኃላፊዎች ይህን ክፍተት ያውቁታል፤ በቅጥር የጽሑፍ ፈተናውም የሚፈልጉት እሱን ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ቅዳሜና እሁድን ለዚህ ስጪ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የምናብ ድርጅት ክፈቺ። የሂሳብ መደቡን ራስሽ አውጪ፣ መነሻ ሂሳብ አስገቢ፣ የአንድ ወር ግዥና ሽያጭ መዝግቢ፤ ቫት፣ ዊዝሆልዲንግ (ከአቅራቢው ክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር)፣ ፔሮል (የደመወዝ ስሌት)፣ ጡረታ፣ የእርጅና ቅናሽ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ማስተካከያ፣ ከዚያ ትራያል ባላንስ (የሂሳቦች ሚዛን ማረጋገጫ)። ሦስት ወር በተከታታይ ዝጊ። የመጀመሪያው ወር ላይ ያልታየ ስህተት በሁለተኛው ወር መነሻ ላይ ይወጣል፤ የሚያስተምረውም እሱ ነው።

የቅጥር ፈተናው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንዱ ፔሮል ነው። ያልተጣራ ደመወዝ 20,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በአጭሩ መንገድ 20,000 በ35 በመቶ ሲባዛ 7,000፣ ለዚህ እርከን በሠንጠረዡ የተቀመጠው ተቀናሽ 2,050 ሲነሣ ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ማለት 1,400 ነው። በእጅ የሚደርሰው 13,650 ብር። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር ስለሚጨምር ድርጅቱ የሚያወጣው 22,200 ይሆናል። ስህተቱ ጡረታውን ከደመወዙ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ማስላት ነው፤ ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይነሣ ነው። ሌላው ስህተት የድሮውን ሠንጠረዥ በቃል ይዞ መቅረብ ነው።

ሁለተኛው ዊዝሆልዲንግ ነው። ከቫት በፊት 100,000 ብር የሆነ ዕቃ ተገዛ፤ ቫቱ 15,000 ነው። የሚቀነሰው 3 በመቶ በ100,000ው ላይ ስለሚሰላ 3,000 ብር ነው፤ በ115,000ው ላይ የሚያሰላ ሰው ተሳስቷል። አቅራቢው 112,000 ይቀበላል። ቀድሞ 2 በመቶ ስለነበር አሮጌ ፋይሎች ላይ ያየሽው ቁጥር እንዳያሳስትሽ።

አሁን ወደ አለቃቀቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የኦዲት ድርጅት እሳት ውስጥ ነው። በዚያ መሀል መልቀቂያ ማስገባት ሕጉ አይከለክልሽም፤ ግን ነገ ስለ አንቺ የሚጠየቀው ማናጀር ያንን ወር አይረሳውም። ጥር ወይም የካቲት ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተሽ በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊበት። ለአለቃ በኢሜይል ተነግሮ ብቻ የቀረ መልቀቂያ ቀኑ ከመቼ ይቆጠር በሚለው ላይ ክርክር ያመጣል።

ድርጅቱ የኤሲሲኤ ክፍያሽን ሸፍኖልሽ ከሆነ የፈረምሽውን የሥልጠና ውል አውጥተሽ ደግመሽ አንብቢ። ስንት ጊዜ ለማገልገል እንደተስማማሽ፣ ቀድመሽ ከወጣሽ ሙሉውን ነው ወይስ ያላገለገልሽበትን ብቻ የምትመልሺው? ይህን ደብዳቤ ካስገባሽ በኋላ ማወቅ ዋጋው ከባድ ነው።

ክሊራንሱን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ያልተወራረደ የመስክ ቅድመ ክፍያ ነው። የውሎ አበልና የትራንስፖርት ደረሰኞችሽን በማስጠንቀቂያው የመጀመሪያ ሳምንት አወራርጂ። አዋጁ ደመወዝና ቀሪ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት በራሱ ጥፋት ካዘገየ ግን ጊዜው ይራዘማል። ላፕቶፕና ፋይል ስታስረክቢ በዝርዝር አስፈርሚ። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይከፈልሻል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። ቀኖቹን ራስሽ ቆጥረሽ ጠብቂ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ልዘግይ፤ ብዙ ጥሩ ሰው በእሱ ምክንያት ከምዝገባ ጠረጴዛ ተመልሷል። አሠሪው ይህን ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የድርጅቶቹ የተለመደ ደብዳቤ ግን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በኦዲተርነት ሠርታለች» ብሎ ያበቃል። ጎንደር ላይ፣ በተለይ መንግሥታዊ ተቋምና የመንግሥትን አሠራር የሚከተል ድርጅት ሲመዘግብ፣ በየደረጃው የሠራሽበት ቀን (ጁኒየር ከመቼ እስከ መቼ፣ ሲኒየር ከመቼ እስከ መቼ)፣ የሥራው ዝርዝር፣ የመጨረሻው ደመወዝ፣ እና ከደመወዙ የሥራ ግብር መከፈሉ ተጽፎ ይፈልጋል። የግብሩ ዐረፍተ ነገር ከጎደለ ልምዱ ላይያዝልሽ ይችላል። «ቀጥታ አግባብነት ያለው ልምድ» የሚባለውን የሚቆጥረው የሰው ኃይል ባለሙያ የሒሳብ ሰው ላይሆን ስለሚችል፣ በዝርዝሩ ውስጥ «የሂሳብ መግለጫ ምርመራ»፣ «የንብረት ቆጠራ»፣ «የግብር ስሌት ማጣራት» የሚሉት ሥራዎች በግልጽ ይጻፉ። ስምሽ በዲግሪሽ፣ በፋይዳሽና በጡረታ መለያሽ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እዚያው ሆነሽ አረጋግጪ። ከጎንደር ተመልሶ አንዲት ፊደል ለማስተካከል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው።

ኤሲሲኤን በተመለከተ ፈተናውን ብቻ አትቁጠሪ። አባል ለመሆን 36 ወር የተግባር ልምድና ብቃት ባለው የሂሳብ ባለሙያ የተረጋገጡ 9 የሥራ ብቃት ነጥቦች ያስፈልጋሉ። አሁን ያሉሽ ማናጀሮች ሥራሽን ያዩ ናቸው፤ ከለቀቅሽ በኋላ ግን እነሱም ሊለቁ ይችላሉ። አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ሊፈርምልሽ የሚችል ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በማስጠንቀቂያው 30 ቀን ውስጥ የምትችይውን ነጥብ ሁሉ ጽፈሽ አስጸድቂ። እንደኔ ግምት ከጠቅላላው ዝግጅት በጣም የሚረሳው ይህ ነው።

የደንበኛ ሰነድ በፍላሽ ይዘሽ አትውጪ። የሥራ ወረቀቱ የድርጅቱ ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውም ከለቀቅሽ በኋላ ይቀጥላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እገሌ ፋብሪካ ክምችቱ እንዲህ ነበር» ያለች ኦዲተር ነገ የእኛንም ትናገራለች ተብላ ትታያለች። ኦዲት ያደረግሽው ድርጅት ራሱ ሊቀጥርሽ ከጠየቀ ደግሞ ድርድሩ እንደተጀመረ ለድርጅትሽ አሳውቂ። የኦዲተር ነፃነት ደንቡ ይህን ይጠይቃል፤ ከዚያ ደንበኛ ኦዲትም ያነሡሻል።

የት ልግባ ላልሽው፣ ምርጫው ከውጭ እንደሚመስለው ጠባብ አይደለም። እንደ ዳሸን ቢራና ብቅል ፋብሪካው ያሉት የወጪ ሂሳብ ይፈልጋሉ፤ የገብስ ግዥ፣ በሂደት ላይ ያለ ምርት፣ ብክነት፣ ቢራው ላይ ደግሞ ኤክሳይዝ ታክስ አለ። በአይኤኤስ 2 (የክምችት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ) ክምችት መርምረሽ ከሆነ ሲቪሽ ላይ ከላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ወሩን መዝጋት በእውነት የምትማሪውም ፋብሪካ ላይ ነው፤ እኔ ለአንቺ የምመርጠው ይህን ነው።

የሰሊጥ ላኪዎች ጋ ያለው ሥራ አስቸጋሪና ጥሩ ነው። ዕቃው ከመተማና ከሁመራ ሲመጣ፣ ሲበጠርና ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የገባውና የወጣው ኩንታል ልዩነት በሰነድ ካልተደገፈ ግብር ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ የምንዛሪ ልዩነት ምዝገባው ወሳኝ ሆኗል። ግን ብዙዎቹ የቤተሰብ ድርጅቶች ናቸው፤ ባለቤቱ ከድርጅቱ ካዝና ለቤቱ የሚያወጣውን ገንዘብ እንዴት እንደሚመዘግቡት ከመግባትሽ በፊት ጠይቂ። መልሱ ካልጣመሽ አትግቢ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ጋ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። መደበኛው የመንግሥት ሂሳብ በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት (በዋናነት ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ በመመዝገብ) የሚሠራ ስለሆነ የአይኤፍአርኤስ (የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) እውቀትሽ እዚያ ብዙ አይሠራም፤ ደመወዙም በስኬል ነው። የምርምር ፕሮጀክቶች የፋይናንስ ሥራ ግን ላንቺ ይስማማል። ፕሮጀክቱ የሚያልቅበትን ቀን በውሉ ላይ እይ፤ 8 ወር የቀረው ፕሮጀክት ላይ ገብቶ እንደ ቋሚ ሥራ ማሰብ ስህተት ነው። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው፤ እዚያ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለተወሰነ የትኛው ወጪ የፕሮግራም፣ የትኛው የአስተዳደር እንደሆነ መለየት ዋና ሥራሽ ይሆናል። ባንክ ከመረጥሽ የውስጥ ኦዲት በቀላሉ ይቀበልሻል፤ ከመዝገብ መዝጋት ግን ያርቅሻል። ሆቴል በጥምቀት ሰሞን ሥራው ይበዛል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። የራሴን ቢሮ ልክፈት ካልሽ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ሳይኖርሽ ሪፖርት ላይ አትፈርሚ።

ማስታወቂያው ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። በክልሉ በኩር ጋዜጣ ላይና በድርጅቱ በር ላይ የሚለጠፈው ይበልጣል፤ ብዙው ምዝገባም በአካል፣ ኦሪጅናልና ፎቶ ኮፒ ይዞ ነው። ቀኑ አጭር ስለሆነ ጎንደር ላለ የቤተሰብ አባል የማስረጃዎችሽን ሙሉ ቅጂ ቀድመሽ ላኪ፤ በወኪል መመዝገብ ይፈቀድ እንደሆነም በስልክ አስጠይቂ።

ደመወዝ ስትነጋገሪ ቁጥሩ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ ብለሽ ጠይቂ። ከአዲስ አበባው ዝቅ ይላል፤ የቤት ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ቀንሰሽ አወዳድሪ። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ስለሚችሉ አዲስ አበባ ያለውን ቤት በመጀመሪያው ሳምንት አትልቀቂ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ለአዲሱ አሠሪ ስጪ፤ ከግል ወደ መንግሥት ብትሄጂም አገልግሎትሽ ይያያዛል። አዲስ ቁጥር ከወጣልሽ የ4 ዓመቱን ለማገናኘት ትንከራተቻለሽ።

በመጨረሻ ርክክብ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ በኦዲተርነት የተማርሽው ሁሉ ለራስሽ የሚጠቅምሽም እዚህ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ሳይሄድ ጥሬ ገንዘቡ በሁለታችሁ ፊት ይቆጠር። ያልተሠራባቸው የገቢ ደረሰኞችና ቼኮች ከቁጥር እስከ ቁጥር ይጻፉ። የባንክ ማስታረቂያው እስከ ርክክቡ ቀን ይሠራ፤ የቆዩ ያልታረቁ ቁጥሮች ዝርዝር ከነቀናቸው ይያያዝ። ያልተወራረዱ ቅድመ ክፍያዎች በሰው ስምና በቀን፣ ያልተከፈሉ ግብሮች በወር፣ ለአቅራቢዎች ያልተሰጡ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች፣ የግብር ማሳወቂያው መግቢያ ቁልፍ፣ ሁሉም በሰነዱ ይግቡ። «እሱ በኋላ ይስተካከላል» የተባለ ቁጥር ካለ አልተረጋገጠም ብለሽ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፊና ከዚያ ፈርሚ። የባንክ ፈራሚው ለውጥ ከርክክቡ ጋር በአንድ ቀን ይሁን። ሰነዱ ሦስት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ለአስረካቢው፣ አንዱ ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱ ደግሞ ከቢሮ ውጭ አንቺ ጋ የሚቀመጥ።