ተጋባዥ ሆናችሁ አትክረሙ

ለአንድ ሴሚስተር ወይ ለአንድ አመት ጀርመን ልትማሩ ለተዘጋጃችሁ የወሎ ልጆች፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልድያም ያላችሁ፣ አብሽሩ።

ሰሞኑን እኔጋ የሚመጣው ጥያቄ በሙሉ ስለ ሻንጣ ነው። ጋሼ በርበሬ ስንት ኪሎ ልያዝ፣ ጋሼ ጃኬት ከዚህ ልግዛ ወይስ እዛ፣ ጋሼ ቅቤ ያስገባሉ ወይ። ቅቤ አያስገቡም። የአውሮፓ ህብረት ከውጭ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ስጋና የወተት ነገር አይፈቅድም፣ ስለዚ ንጥሩም ቋንጣውም ኤርፖርት ላይ ነው የሚቀረው፣ እናታችሁ ደክማ ያነጠረችውን ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ከምታዩ እዚሁ ለጎረቤት ስጡት። በርበሬና ሽሮ ያዙ፣ ጃኬት እዛ ግዙ። የሻንጣው ነገር በዚህ ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኔ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ምስራቅ ጀርመን ነው፣ መጀመሪያ ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ቋንቋ፣ ከዛ ድሬስደን የውሃ ምህንድስና፣ ከዛ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ በመጠጥ ውሃ ስራ ላይ አሳልፌ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የጀርመን ነገር ግን አልለቀቀኝም፣ የሚሄዱ ልጆችም የሚመለሱትም እኔጋ ቡና ሳይጠጡ አያልፉም። ከሚመለሱት ውስጥ ቀላል የማይባሉት ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍላቸውን ዘግተው ከቤት ጋር በኢሞና በዋትሳፕ ሲያወሩ ከርመው ነው የሚመጡት። ውጤታቸው አሪፍ ነው፣ ሰው ግን አያውቁም፣ የጎረቤታቸውን ስም እንኳን ብትጠይቋቸው አያውቁትም። ለምን ስላቸው ደሞ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፣ "ማንም አልጠራኝም"።

እዚጋ ነው ነገሩ። የኛ ልጅ እንግዳ መቀበል ከነወጉ እያየ ያድጋል፣ ራሱ እንግዳ ሲሆን ግን አንድ ሰው መጥቶ እጁን ይዞ እስኪያስገባው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ወሎ ውስጥ ይሄ ችግር የለውም፣ ደጅ የቆመን ሰው ግባ ሳይል የሚያልፍ የለማ። እዛ ግን ደጅ ብትቆሙ ቆማችሁ ትቀራላችሁ፣ የሚያልፈው ሰው መቆም ፈልጎ ነው የቆመ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ክፋትም አይደለም፣ አላስቸግረው ብሎ ነው። ስለዚ እኔ የምላችሁ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጋባዥ ሁኑ ነው። ተጋባዥ ሆናችሁ ከጠበቃችሁ ሴሚስተሩ ያልቃል።

በምን እንጋብዝ ካላችሁ በቡና። የዶርሙ ኩሽና አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ነው፣ የኩሽናው በር ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ እሁድ 4 ሰዓት የኢትዮጵያ ቡና አለ፣ ኑ በሉ (በነሱ 4 ሰዓት፣ በኛ 10 ሰዓት ማለት ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ ሁሌም በነሱ ሰዓት ጻፉ፣ በኛ ሰዓት አስባችሁ ስድስት ሰዓት የምትሳሳቱት ነገር ቢሮ ላይ ዋጋ ያስከፍላል)። ጀርመኖች እሁድ ከሰዓት ቡናና ኬክ የራሳቸው ልማድ አላቸው፣ ኬኩን እነሱ ያመጡታል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰው ብዙ ያወራል። የገጠሩን የጨው ቡና ግን ለሁለተኛው ጊዜ አቆዩላቸው።

እንዳትቆሉ ግን! ተቆልቶ ተፈጭቶ ያለቀ ይዛችሁ ሂዱ። ጀርመን ውስጥ ቤቶች ሁሉ የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው ህጉ ያስገድዳል፣ አንዳንዱ ዶርም ላይ ደሞ ማስጠንቀቂያው ቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ናፍቆት ይዞት በምሽት ክፍሉ ውስጥ ቡና ቆልቶ እጣን ሲጨምርበት ህንፃው በሙሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ወጣ፣ እሳት አደጋም መጣ፣ በኋላም ሂሳቡ ለሱ መጣ። ከህንፃው ሰው ጋር የተዋወቀው በዛ ምሽት ነው ብሎ ይስቃል፣ እናንተ ግን በርካሽ ተዋወቁ።

ምግብ ላይ ብዙዎቻችሁ ትጨነቃላችሁ፣ እኔ ግን ከማንም በላይ የወሎ ልጅ የተዘጋጀበት ነገር ይሄ ይመስለኛል። እኛጋ ሰርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻው ይታረዳል፣ ለየብቻው ይሰራል፣ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ የሙስሊሙን የሚያርደውም የሚሰራውም ሙስሊም ጎረቤት ነው፣ ከዛ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል ይጫወታል። ማንም ማንን ለምን የኔን ስጋ አትበላም ብሎ አይቀየምም። አሁን እዛ ስትሄዱ አንዷ ጎረቤታችሁ ስጋ አትበላም፣ አንዱ ወተት አይስማማውም፣ አንዱ ኦቾሎኒ ይገድለዋል፣ ሌላው አገር የመጣ ልጅ ይሄን ለመልመድ ሲንገዳገድ እናንተ ከህፃንነታችሁ ጀምሮ ያያችሁት ነው። ሰው ስትጠሩ የማትበሉት አለ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ይወዱላችኋል። የራሳችሁንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ለጿሚ በዩኒቨርሲቲው ካፌ፣ ሜንዛ ነው የሚሉት፣ ቪጋን የተባለ ምግብ በብዛት አይጠፋም፣ ያ ለጾም ይሆናል። ሙስሊም የሆናችሁ ሃላል ስጋ ከቱርክ ሱቆች ታገኛላችሁ፣ ከረሜላና ጣፋጭ ነገር ስትገዙ ግን ጀርባውን አንብቡ፣ ጄላቲን ያለበት ብዙ ነው፣ ጄላቲኑም ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ነው።

ሰው ቤት ስትጠሩ ደሞ መጀመሪያ ሲቀርብላችሁ እሺ በሉ። እኛ አንዴ ሁለቴ አይ ጠግቤያለሁ እንልና በሞቴ እስኪባል እንጠብቃለን፣ እዛ በሞቴ የሚል የለም፣ አይ ካላችሁ ሳህኑ ያልፋል፣ እናንተም ተርባችሁ ትመለሳላችሁ። ጋባዥ ሁኑ ስል ደሞ ሬስቶራንት ገብታችሁ የሰው ሁሉ ሂሳብ ክፈሉ ማለቴ አይደለም። እዛ ተማሪ ሁሉ የበላውን ለየብቻው ነው የሚከፍለው፣ አስተናጋጁም ራሱ ለየብቻ ነው ወይስ አንድ ላይ ብሎ ይጠይቃል። ይሉኝታ ይዟችሁ ከከፈላችሁ ወር ሳይጋመስ ሩዝ ብቻ ትበላላችሁ። የጀርመን መንግስት ራሱ ለቪዛ የሚጠይቀው ዝግ አካውንት (ገንዘቡን ቀድማችሁ አስገብታችሁ በየወሩ እየተቆረጠ የሚለቀቅላችሁ) በወር 992 ዩሮ ነው፣ ስኮላርሺፕ ካላችሁ አካውንቱን ላትጠየቁ ትችላላችሁ፣ ቁጥሩ ግን ለአንድ ሰው ኑሮ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። ለአንድ ሰው ነው እንግዲህ፣ ቤተሰብ ዩሮውን በብር እያባዛ ላኩልን ሲል ይሄን ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዱ፣ ከሄዳችሁ በኋላ በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው።

ጋባዥ ለመሆን መጀመሪያ ቤት ይኑራችሁ። ቤት ማለት ቁልፍ ብቻ አይደለም፣ በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ አንሜልዱንግ ይሉታል፣ ለሱም አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ ገና ደሴ እያላችሁ በኢንተርኔት ያዙት። ያለዛ ወረቀት የመኖሪያ ፈቃዱም ባንኩም ይጓተታል። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ስም ለጥፉ፣ ስም ከሌለ ፖስተኛው ይዞት ይመለሳል፣ እዛ አገር ደሞ ቁም ነገር ሁሉ በፖስታ ነው የሚመጣው። የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ስለሚሆን አባታችሁን ሲጠሩ ወዴት ብላችሁ ዞር ማለትን ልመዱ። አንድ ቀን የሬዲዮና ቲቪ ክፍያ የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ቲቪ የለኝም ማለት አይሰራም፣ ክፍያው ግን በቤት እንጂ በሰው አይደለም፣ አፓርታማ የምትጋሩ ከሆነ አንድ ሰው ከፍሎ ትካፈላላችሁ። ደብዳቤውን ብቻ አትጣሉት። የጤና ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲውም አይመዘግባችሁም። እና ቅዳሜ ማታ የሚያደርስ ትኬት አትቁረጡ፣ እሁድ ሱቅ በአብዛኛው ዝግ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ክፍት የምታገኙት የባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉትንና ጠዋት ለጥቂት ሰዓት የሚከፍቱ ዳቦ ቤቶችን ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ አንድ ወረቀት አለ፣ ለርኒንግ አግሪመንት የሚባል፣ እዛ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ በየትኛው እንደሚያዝላችሁ የሚያሳይ፣ ሳትሄዱ ዲፓርትመንታችሁ ይፈርምበት። የቃል እሺታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ስትመለሱ ሃላፊው ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው በአውሮፓ አቆጣጠር። ሌላው ደሞ ኮርስ መመዝገብና ፈተና መመዝገብ ብዙ ቦታ ለየብቻ ናቸው፣ ክፍል ስትማሩ ከርማችሁ የፈተና ምዝገባው ቀን ካለፋችሁ ፈተና ላይ አትቀመጡም። ውጤት ስታዩ ደሞ አትደንግጡ፣ ከሁሉ የሚበልጠው 1 ነው፣ 4 ማለፊያ ነው፣ 5 መውደቅ ነው። 1.3 አይታ ወደቅኩ ብላ ለእናቷ ደውላ ያለቀሰች ልጅ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥም ያው ነው የምለው፣ አስተማሪው ስማችሁን ጠርቶ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ ሴሚናር ላይ ዝም ያለ ተማሪ እንደ ጨዋ አይታይም፣ ያላነበበ ነው የሚመስለው።

ብርዱን አትፍሩት፣ የደሴ ልጅ ብርድ ያውቃል። የማታውቁት ጨለማውን ነው። በኛ አገር ቀንና ሌሊት ብዙም አይበላለጡም፣ እዛ በታህሳስ ፀሐይ በኛ 2 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ያውም ደመና ካልጋረዳት ነው። ህዳር ላይ ያለ ምክንያት ሆዳችሁ ሲባባ፣ እንቅልፍ ሲበዛባችሁ፣ ከሰው መራቅ ሲያምራችሁ ድግምት አይደለም፣ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ብርሃን እያለ ግማሽ ሰዓት ውጭ ተራመዱ። ካልለቀቃችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ውስጥ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ብዙ ቦታ በነፃ ነው፣ ሄዳችሁ አናግሯቸው፣ እብድ ተባልኩ የሚል ሀሳብ እዚሁ ጥላችሁት ሂዱ። ጸሎታችሁንም ዱአችሁንም ያዙ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ደሞ ከበድ ወዳለው። በ1977 እኔ እዛ ነበርኩ። የኮረም የረሃብ ምስል ዓለምን ሲዞር ኮረም ያኔ የኛው ክፍለ ሀገር ነበረች፣ ከየት ነህ ስባል ወሎ ብዬ ስመልስ የሰው አይን ይለወጥ ነበር፣ ከዛ በኋላ የሚያወራኝ ሰው ከኔ ጋር ሳይሆን ቲቪ ላይ ካየው ሰው ጋር ነበር የሚያወራው። የናንተ ጊዜ ደሞ ጦርነት ነው የሚጠይቋችሁ። እኔ የምመክረው አጭር መልስ ይኑራችሁ፣ የምታውቁትን በሁለት አረፍተ ነገር ተናገሩ፣ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ ለአገሩ ሁሉ ጠበቃ አትሁኑ። ከዛ ጨዋታውን ወደምትፈልጉት ውሰዱት። እናንተ እኛ ያልነበረን ስልክ አላችሁ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬን በተራ አሰሟቸው፣ ሁለቱ ቅኝት በኛ አገር ቦታ ስም ነው የሚጠሩት፣ ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ ከተማ ናት፣ አምባሰልም ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ የምታዩት ተራራ ነው። ይሄን የሰማ ሰው ሁለተኛ ሲያገኛችሁ ስለዛ ነው የሚጠይቃችሁ።

ቤት ችግር ሲደርስ ግን ዝም አትበሉ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር አንዲት የማውቃት ልጅ እዛ ሆና እናቷ ትኑር አትኑር ሳታውቅ ሳምንታት አለፉ። ለማንም አልተናገረችም፣ ክፍል መቅረት ጀመረች፣ የቤት ስራ አላስገባችም፣ አስተማሪዋም ሰነፍ አድርጎ ያዛት። በመጨረሻ ያስተዛዘነቻት የኩሽና ጎረቤቷ ናት፣ ያቺ በቡና የተዋወቀቻት፣ ይዛት ኢንተርናሽናል ኦፊስ ሄዳ አስረዱ፣ ፈተናዋም ተላለፈላት። ቀድማ ብትናገር ቀድሞ ይደረግላት ነበር። እኛጋ ሀዘን ሲኖር ሰው ሰምቶ ይመጣል፣ እዛ ሳትነግሩት የሚሰማ የለም።

እዛው ቅር፣ ምን ልታመጣ ትመለሳለህ የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። የዕድሜ ልክ ውሳኔ ስለሆነ እኔ አልፈርድም፣ ግን በኤክስቼንጅ ሄዶ የሚጠፋ ልጅ ከኋላው ያሉትን በር እንደሚያጠብ እወቁት፣ በህጋዊ መንገድ ማስተርስ አመልክቶ መመለስ እያለ።

ልትመለሱ ስትሉ ደሞ የሚረሱ ነገሮች አሉ። ከአድራሻ መዝገቡ ስማችሁን አሰርዙ፣ ከመውጣታችሁ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ይቻላል። የቤቱ ማስያዣ ገንዘብ የሚመለሰው ከወጣችሁ በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል፣ ስለዚ ገንዘቡ ሳይገባ የባንክ አካውንቱን እንዳትዘጉ። ትራንስክሪፕቱም ዘግይቶ ስለሚደርስ የሚልክላችሁን ሰው ኢሜይል ይዛችሁ ውጡ፣ ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑንም እዛው እያላችሁ አረጋግጡ፣ አንዱን መሐመድ በሦስት አይነት ሊጽፉት ይችላሉ።