ኢኮሎጂ ወይስ ሞለኪውላር?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦

የአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ከጠቅላላ ባዮሎጂ፣ ከሞለኪውላር ባዮሎጂና ከኢኮሎጂ አንዱን እንድመርጥ ተነግሮኛል። ልቤ ወደ ኢኮሎጂ ያደላል፤ ጓደኞቼ ግን «ሥራ ያለው ሞለኪውላር ላይ ነው» ይሉኛል። ኬሚስትሪ ስለምፈራ ጠቅላላ ባዮሎጂ ገብቼ ልገላገለው ወይ ብዬም አስቤያለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦

እህቴ፣ ኬሚስትሪን በመሸሽ ዘርፍ አይመረጥም፤ ጠቅላላ ባዮሎጂም ብትገቢ አታመልጪውም። ጠቅላላ ኬሚስትሪ ሳይታለፍ ኦርጋኒክ፣ ኦርጋኒክ ሳይታለፍ ባዮኬሚስትሪ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ዛሬ የዘለልሽው አንዱ ኮርስ ምረቃሽን አንድ ዓመት ሊያዘገየው ይችላል። የኮርስ ዝርዝሩን ከዲፓርትመንትሽ ውሰጂና ከመጨረሻው ሴሚስተር ወደ ኋላ እየቆጠርሽ የትኛው መቼ መወሰድ እንዳለበት ጻፊ።

ዲኤንኤንና መሰሎቹን በላብራቶሪ የሚያጠናው ሞለኪውላር እጅ የሚፈትን ሥራ ነው። በማይክሮፒፔት፣ ማለትም በአውራ ጣት እየተጫኑ በጣም ጥቂት ፈሳሽ በሚለኩበት መሣሪያ፣ ፈሳሽ ሲቀዳ አውራ ጣት የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ መቆም አለበት፤ ሁለተኛው የቀረችውን ጠብታ ለማስወጣት ብቻ ነው። እስከ ሁለተኛው ተጭኖ የቀዳ ተማሪ ከለካው በላይ ይወስዳል፣ ድብልቁም ይፋለሳል። ፒሲአር የተባለው ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ ደግሞ በ30 ዙር አንዷን የዲኤንኤ ቅጂ በስሌት ከ1 ቢሊዮን በላይ ስለሚያደርሳት፣ በጓንት የተላለፈች ኢምንት ዲኤንኤም አብራ ትባዛለች። ለዚህ ነው በዲኤንኤ ፋንታ ውሃ የሚገባበት አንድ ቱቦ ሁልጊዜ የሚኖረው። በእሱ ላይ ዲኤንኤ መኖሩን የሚያሳይ መስመር ከታየ የዕለቱ ውጤት አይታመንም፤ ሁሉም እንደገና ይሠራል። ይህ ድግግሞሽ ካታከተሽ ጓደኞችሽ ስላሉ ብቻ አትግቢ።

ሕያዋን ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠናው ኢኮሎጂም ሽርሽር አይደለም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው ኳድራት የተባለ የተክል መቁጠሪያ ክፈፍ በዕጣ በወጣው ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ተክሉ ጥቅጥቅ ያለበትን ቦታ በዓይንሽ ከመረጥሽ ቆጠራው ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ዳታውን ራስሽ መተንተን ካልቻልሽ ድካምሽ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ስታቲስቲክስንና በነፃ የሚገኘውን አር የተባለ ፕሮግራም ከሁለተኛ ዓመት ጀምረሽ ልመጂ።

እንደ እኔ ኢኮሎጂ ግቢ፤ በምርጫ ኮርሶችሽ ግን ጄኔቲክስንና ባዮኬሚስትሪን ጨምሪ። ዛሬ የሐይቅ ውሃ ተጣርቶ፣ ከውስጡ በሚገኘው ዲኤንኤ የትኞቹ ዓሣዎች እንዳሉ ይለያል። ሁለቱንም የያዘ ተመራቂ በሁለቱም በር መግባት ይችላል።

የመመረቂያ ጥናት አማካሪሽን ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ አነጋግሪ። ከመምህሩ ጥናቶች አንዱን አንብበሽ፣ ያልገባሽን አንድ ጥያቄ ይዘሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችዪ ቁርጡን ንገሪያቸው። ብታዘገዪ የምታጠኚው ተክል የሚያብብበት ወቅት ያልፍና እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቂያለሽ።