ጠመንጃው ከሞርሳ ለምን ይሾልካል?

ከመሐል ሜዳ ከተማ የጻፉልን አንባቢ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ፈቃድ ያለውን ማውዘር ለማጽዳትና ሰደፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ለማጣበቅ ትንሽ ሞርሳ (ዕቃን በሁለት የብረት መንጋጋ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ገዝተዋል። ሰደፉን በካላማዳሪያ ጠቅልለው ቢያስሩትም ወደ ታች ይሾልካል፤ ሲያጠብቁት ደግሞ እንጨቱን አቆሰለው። «ትልቅ ሞርሳ ልግዛ ወይስ ሌላ መያዣ አለ?» ይላሉ።

ትልቅ ሞርሳ ብቻውን አያድንዎትም። የሚሾልከው ጉልበት አንሶ አይደለም። የሞርሳው መንጋጋ ትይዩ ነው፤ ሰደፉ ግን ከጫፉ እጅ ወደሚጨብጠው አንገቱ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሆዱም ከጀርባው ይወፍራል። ትይዩ ብረት እንዲህ ያለውን እንጨት ሲጫነው ወደ ወፍራሙ ጎን ይገፋዋል፤ ባጠበቁ ቁጥር የሚገፋው ጉልበት ይጨምራል። ጎማው ደግሞ የሚለጠጥ ስለሆነ መንገዱን ያቀልለታል። ስለዚህ መስተካከል ያለበት በመንጋጋውና በእንጨቱ መካከል የሚገባው ነገር ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ጥይት ከሚሠሩበት ክፍል ይውጣ። መዝጊያውን ይክፈቱ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያ በግራ በኩል ከኋላ ያለውን የመዝጊያ ማቆሚያ ወደ ውጭ ስበው መዝጊያውን ጨርሶ ያውጡት፤ ሥራው እስኪያልቅም ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

አሁን ሰደፉን ይለኩ። የሚታሰርበትን ቦታ ይምረጡና በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቦታ ላይ ውፍረቱን በካሊፐር ይያዙ። ለምሳሌ በአንዱ 42፣ በሌላው 36 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሁለቱ መንጋጋ ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በሰደፉ ወፍራም በኩል በ3 ሚሊ ሜትር እየሳሱ እንዲሄዱ በመላጊያ ይላጓቸው። ጀርባውና ሆዱ መካከል ያለውንም ልዩነት እንዲሁ ያድርጉ፤ ትንሽ ከሆነ ግን የሚለጠፈው ቆዳ ይሸፍነዋል። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን እንመርጣለን፤ ለስላሳ ነው፣ ለመላግም ይታዘዛል። ወይራ ከሰደፉ እንጨት ይጠነክራልና ያቆስላል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ጣውላዎቹ ከመንጋጋው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፤ ከኋላቸው ቀጭን ዘንግ ቢመታባቸው መንጋጋው ላይ ተሰቅለው ይቆማሉ፣ ሞርሳው ሲከፈት አይወድቁም።

ፊታቸው ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቆዳ በኮላ ይለጥፉ። በጨው የቆየ ቆዳ ግን አይሁን፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ የነካውን ብረት ያዝገዋል። ቆዳ ካጡ የመንዝ ባና ቁራጭ ሁለት እጥፍ ተደርጎ በደንብ ይሠራል፤ እኛ እንዲያውም ለሰደፍ ከቆዳው አናሳንሰውም። ጉዳቱ ዘይት መጠጣቱ ነው፤ ሲያንሸራትት ይቀይሩት። ቆዳም ሆነ ባና ከመታሰሩ በፊት በብሩሽ ይጠረግ፤ አንዲት የሞረድ ብናኝ ተሰክታ ከቀረች እንጨቱን እንደ ምስማር ትፍቀዋለች። ካላማዳሪያውን ይተዉት፤ ቫርኒሽ ላይ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ይጣበቃል፣ ቀለምም ይተዋል።

ሞርሳውን በተመለከተ፣ መንጋጋው ከ10 እስከ 12.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ ይበቃል። አከፋፈቱ ግን ከ12 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ሁለቱ ጣውላና ቆዳው ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ። ሱቅ ውስጥ እያሉ መንጋጋውን በግማሽ ከፍተው ተንቀሳቃሹን በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ጎን ይነቅንቁ፤ በግልጽ የሚላወስ ከሆነ አይውሰዱት። ቀጥሎ ሁለት ወረቀቶች በሁለቱ ጫፍ አስገብተው ይዝጉት። አንዱ ተይዞ ሌላው በቀላሉ ከወጣ መንጋጋው ጠማማ ነው። የሚሽከረከር መቀመጫ ያለው ያምራል፣ ለዚህ ሥራ ግን አንመክረውም፤ መቆለፊያው ሲላላ ጠመንጃው ይዞራል። ጠረጴዛው ላይ የሚታሰረው በምስማር ሳይሆን ጣውላውን አልፈው በሚወጡ የ10 ወይም የ12 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ነው፤ ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይግባበት። ጣውላው 5 ሳንቲ ሜትር ይወፍር፤ ከሌለ ሁለት ጣውላ ይደርቡ። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጥቂት ወጣ ይበል፤ ካልሆነ ረጅም ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሊታሰር አይችልም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ድጋፍ ነው። 4 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጠመንጃ በሰደፉ ታስሮ ሚዛኑ ከመንጋጋው 45 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ክብደት ብቻ 18 ኒውተን ሜትር ገደማ ሰደፉን ይጠመዝዛል። ያ ጉልበት የሚያርፈው ቀጭኑ አንገት ላይ ነው፤ የእርስዎ ስንጥቅ አንገቱ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ይከፍተዋል። ስለዚህ ከፊት በኩል አናቱ ላይ ሹካ የመሰለ ጎድጓዳ የተቆረጠለት ጣውላ ይቁም፤ ጎድጓዳው በባና ይሸፈን። ከፍታውን ከሥር በሚገቡ ሁለት ሽብልቆች ያስተካክሉ። ጠመንጃው እዚያ ላይ ያርፋል እንጂ አይታሰርም። ይህ ካለ ሞርሳውን በእጅዎ ጉልበት ብቻ፣ በእጀታው ላይ ቱቦ ሳይጨምሩ ማጥበቅ በቂ ነው።

የማይታሰሩ ቦታዎችም አሉ፦ ውስጡ ባዶ የሆነው የጥይት ማጎሪያው አካባቢ፣ አንገቱ፣ በርሜሉን የሸፈነው ቀጭን እንጨት። ክላሽ ላለው ሰው ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ኤ.ኬ.ኤም. የተባለው የክላሽ ዓይነት አካሉ (መዝጊያው የሚንቀሳቀስበት ቤት) 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ስለሆነ መንጋጋ በቀላሉ ያጣምመዋል።

ሰደፉን ከብረቱ ለመለየት ጠመንጃው ተገልብጦ ይታሰራል። ከሥሩ ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከመንካትዎ በፊት አጠገባቸው ትንንሽ መቆለፊያ ብሎኖች መኖር አለመኖራቸውን ይዩ፤ ካሉ በቅድሚያ ይፈታሉ። ካቻቢቴው የብሎኑን ቦይ ሙሉ ስፋት የሚሞላ፣ ጫፉም ትይዩ ሆኖ የተሞረደ ይሁን። ጫፉ ሽብልቅ የመሰለው ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይወጣና ቦዩን ይልጣል። ከብሎኑ ትይዩ ከሥር፣ ብረቱ ላይ የሚያርፍ የእንጨት ጉማጅ ያስገቡ፤ ያኔ ሲጫኑ ክብደትዎ አንገቱ ላይ አይወርድም። እምቢ ካለ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ያሳድሩት፤ ከበዛ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ኮላም እንዳይዝ ያደርጋል። በማግስቱ የጋለ የመበየጃ ካውያ ጫፍ የብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቢያርፍበት ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ ነጭ ጋዙ ግን በሚገባ የተጠረገና የደረቀ ይሁን። ሲመለስ የፊተኛው ብሎን ይቀድማል፣ የኋለኛው ይከተላል።

ለስንጥቁ ግን ሞርሳ አይጠቀሙ። ሞርሳ የሚጫነው በሁለት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ክብ የሆነውን አንገት ያዛንፈዋል፣ ኮላውንም ጨምቆ ያወጣዋል። የድሮ ዘይት የጠጣውን ስንጥቅ በአሴቶን ያጽዱ፤ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት። ኤፖክሲውን ስንጥቁን በቀስታ ከፍተው ያስገቡ፣ በፌስታል ይጠቅልሉት፤ ካላማዳሪያው የሚጠቅመው አሁን ነው፦ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ፣ እየሳቡ፣ ደራርበው ይጠምጥሙት። ዙሪያውን እኩል ያጠብቃል። ሰደፉን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት፣ ምንም አይጫነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የመሐል ሜዳ ብርድ ኤፖክሲውን ያዘገየዋል፤ ቆርቆሮው ላይ 24 ሰዓት ቢልም ሁለት ቀን ይስጡት፣ ማታ ማታም ሞቅ ያለ ክፍል ይደር።

ለማጽዳት ሞርሳም አያስፈልግዎትም። 80 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ላይ ሁለት ሹካዎች በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ፤ የፊቱ ከኋላው 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አፈሙዙ ወደ ታች ስላዘነበለ ማጽጃው ወደ ምላጩና ወደ እንጨቱ አይፈስም። የመጥረጊያው ዘንግ ከኋላ ይግባ፤ ከፊት የገባ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ይበላዋል፣ ጠርዙ ከተበላ ጥይቱ ዒላማ ይስታል። ሲገፉ ጠመንጃው ወደ ፊት እንዳይሄድ ሰደፉን ከኋላው ሹካ ጋር በጠፍር ይያዙት።

በርሜሉን ከአካሉ ለመፍታት የሚሆን መያዣ ግን አይግዙ። ያ ሥራ በርሜሉን ዙሪያውን የሚጨብጥ ልዩ መያዣና ለአካሉ የተሠራ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ከተመለሰም በኋላ መዝጊያውና ጥይቱ መካከል ያለው ርቀት በመለኪያ ሳይረጋገጥ አይተኮስም። ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይውሰዱት፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጠዎትን የመያዣ ፈቃድም ከጠመንጃው ጋር ይያዙ።