ጎረምሳው ፊቱን ወደ አንቺ ያዙር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቨርጂኒያ የምኖር ነርስ ነኝ። በደጋን ማደን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አጋዘን ተሳክቶልኛል፤ የዱር ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል። ባለፈው ፀደይ አንድ ገበሬ ፈቅደውልኝ በእርሻቸው ዳር የአደን ድንኳን ተከልኩ። የሴትና የጎረምሳ (የወጣት ወንድ ተርኪ) ማማለያ፣ ማለትም ዲኮይ የሚባሉትን የፕላስቲክ ወፎች፣ ከድንኳኑ 25 ያርድ (23 ሜትር ያህል) ላይ አቆምኩ። አውራው ከጫካው እንደሚወጣ ስለማውቅ የሁለቱንም ፊት ወደ ጫካው አዞርኩ። እንዳሰብኩትም መጣ። ነገር ግን ከማማለያዎቹ ማዶ ቆሞ ጎረምሳውን ፊት ለፊት ገጠመው። ደጋኔን መገተር ስጀምር አንገቱን አስግጎ አየኝና ተፈተለከ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስህተቱ ደጋኑን በገተርሽበት ቅጽበት የተፈጸመ አይደለም። የተፈጸመው ገና ጨለማ ሳለ፣ ጎረምሳውን መሬት ላይ ስትተክዪ ነው። ወፉ መምጣቱ ቦታ መምረጥ እንደምታውቂ ያሳያል። የቀረሽ ነገር ወፉ ወዴት ዞሮ እንደሚቆም አስቀድሞ መወሰን ነው።

በጠመንጃ የሚያድን ሰው ማማለያው ወፉን ካቀረበለት ይበቃዋል። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስለሚጠብቅ በመጨረሻ የሚያንቀሳቅሰው አንዲት ጣቱን ነው። ደጋን የያዘ ሰው ግን ክንዱን አንስቶ፣ ትከሻውን ከፍቶ፣ ገመዱን እስከ ጉንጩ መሳብ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገውም ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ በሆኑ፣ አንገቱን ጥቂት ሲያዞር ዙሪያውን ሁሉ በሚያይ ወፍ ፊት ነው። ተርኪ ማሽተት ላይ ደካማ ስለሆነ እንደ አጋዘን አደን ስለ ነፋስ አትጨነቂ። የሚያስጨንቀው ዓይኑ ነው። ስለዚህ ደጋን ለምንይዝ ሰዎች የማማለያው ዋና ሥራ የወፉን ዓይን ከእኛ ላይ ማንሳት ነው፤ ወፉን ማምጣቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

አውራ ተርኪ ተቀናቃኙን የሚገጥመው ምንቃር ለምንቃር ነው። አንቺ የጎረምሳውን ፊት ወደ ጫካው ስላዞርሽ አውራው ሊገጥመው ከማዶ ቆመ፤ ጎረምሳውን ሲያይ ከጎረምሳው ጀርባ ያለሽውን አንቺንም አየ። የጎረምሳው ፊት ወደ ድንኳኑ ቢሆን ኖሮ አውራው ዞሮ በአንቺና በጎረምሳው መካከል በገባና ጀርባውን በሰጠሽ ነበር። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሲንጎራደድ ደግሞ የገዛ ላባው ከኋላው ያለውን ይጋርድበታል። የምትገትሪው ያን ጊዜ ነው።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት በሸናንዶዋ ሸለቆ፣ አንድ የሚያዝያ ማለዳ ላይ ነው። ጎረምሳውን 8 ያርድ ላይ ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ ተክየው ነበር። አውራው ሜዳውን ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዶ፣ እየቆመና ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ ተሻገረ። ጎረምሳው ዘንድ ሲደርስ በስተግራው ዞረ፤ ልክ ሰው ሊጣላ ሲል ከፊት ለመቆም እንደሚዞረው። ጅራቱ ድንኳኑን ሞልቶ ታየኝ፤ ራሱ ግን ጨርሶ አይታየኝም ነበር። እኔ ራሱን ካላየሁ እርሱም አያየኝም ብዬ ደጋኑን ገተርኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጎረምሳ ማማለያን በሌላ አቅጣጫ ተክዬ አላውቅም።

ርቀቱም መለወጥ አለበት። 25 ያርድ ለጠመንጃ እንጂ ለደጋን አይሆንም። ማማለያው 8 ወይም 10 ያርድ ላይ ቢሆን፣ የሚፈራ ወፍ ከማማለያው 10 ያርድ ርቆ ቢቆም እንኳ ከምትችዪው ርቀት አይወጣም። ከዚያ በታች ግን አታቅርቢው። እኔ አንድ ጊዜ ወፉ ይበልጥ ይቅረብልኝ ብዬ 3 ያርድ ላይ ተከልኩና ፍላጻዬ ከሆዱ ሥር ጥቂት ላባ ብቻ ነቅሎ አለፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍላጻው የሚነሳው ከዓይንሽ መስመር በታች ስለሆነ ለ20 ያርድ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በጣም ቅርብ ላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። በ20 እና በ30 ያርድ ብቻ ሲለማመድ የከረመ ሰው ይህን አያውቀውም። በ4፣ በ6 እና በ8 ያርድ ተለማመጂ፤ ፍላጻሽ በየርቀቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ጽፈሽ ያዢ።

ሴቷን ከጎረምሳው ጎን አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጊያት። አውራው ሴትን ከኋላ ወይም ከጎን ይቀርባታል፤ ነገር ግን ጎረምሳ አጠገቧ ካለ ጠቡን ያስቀድማል፤ ስለዚህ የእርሷ አቅጣጫ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አንገቷ ነው። አንገቷን ቀጥ አድርጋ የቆመች ሴት ለሌሎቹ ተርኪዎች «አደጋ አለ» ማለቷ ነው። የምትለቅም ወይም ተኝታ የምትጠብቅ ማማለያ ግዢ። ክንፉንና ጅራቱን ሙሉ በሙሉ የዘረጋ ትልቅ አውራ ማማለያ ደግሞ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ አልወደውም። የአካባቢውን ጉልበተኛ ያስቆጣል፣ እውነት ነው። ተደብድቦ የሚያውቀውን የሁለት ዓመት አውራ ግን ያባርራል፤ በሜዳ ላይ የሚበዙት ደግሞ እንዲህ ያሉት ናቸው።

ትናንሽ የሚመስሉ ጥቂት ነገሮችም አሉ። ማማለያው ከሩቅ እንዲታይ ሣሩ አጭር የሆነበትን ቦታ ምረጪ። ቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት የሚጋጠመው ማማለያ አውራውን ያስደነግጠዋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ማማለያ ሳትተክዪ፣ የተርኪን ድምፅ አስመስለሽ በመጥራት ብቻ ብታድኚ ይሻላል። ነፋስ ሲኖር ማማለያው እንደ በር ስለሚሽከረከር በጅራቱ ግራና ቀኝ ሁለት እንጨት ሰክተሽ ገድቢው፤ ጥቂት መወዛወዝ ግን ሕይወት ይሰጠዋል። ጤዛ ያረፈበት ፕላስቲክ በፀሐይ ስለሚያብረቀርቅ በጨርቅ ጥረጊው። ድንኳኑን የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ እንዳይገባ አድርገሽ ትከዪ፤ የኋላ መስኮቶቹን ሁሉ ዝጊ፤ ጥቁር ልብስ ለብሰሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለሽ ተቀመጪ። የደጋንሽ ጫፍ የድንኳኑን ጨርቅ እንዳይነካ ከመንጋቱ በፊት አንዴ ገትረሽ ሞክሪ።

የት ላይ ማነጣጠር እንዳለብሽ ባትጠይቂኝም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዚህ ወፍ ልብና ሳንባ ከብርቱካን ብዙም አይበልጥም፤ ሲንጎራደድ የሚያስፈራው ትልቅነቱ ላባ ነው። ጎኑን ከሰጠሽ የእግሩን መስመር ወደ ላይ ተከትለሽ ክንፉ ከአካሉ የሚጋጠምበት ላይ አነጣጥሪ። ጀርባውን ሰጥቶሽ ጅራቱን ከዘረጋ፣ የጅራቱ ላባዎች ሁሉ የሚገናኙበት ሥሩ ላይ አነጣጥሪ። እንደዚህ ሳይሆን ሲቀር ገመዱን ቀስ ብለሽ መልሺ። ቆስሎ የሚጠፋ ወፍ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ለአንቺም እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

የምትኖሪበት ግዛት የፀደይ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ የሚፈቀደውም በደረቱ ላይ ጢም የሚባለው የላባ ዘለላ ያለውን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ እኩለ ቀን ላይ ስለሚያበቃ ማለዳው እንዳያመልጥሽ። ወቅቱ እየገፋ ሴቶቹ እንቁላላቸውን መታቀፍ ሲጀምሩ ጎረምሳውን ቤት ትተሽ አንዲት ሴት ማማለያ ብቻ ይዘሽ ውጪ። በዚያን ጊዜ ብዙ ማማለያ ያየ አውራ ጠብ አይሻም፤ ብቻዋን ያለች ሴት ግን ያባብለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የማድነው በብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። እውነተኛ የተርኪ ጅራት በማማለያ ላይ ሰክቼ፣ ከጀርባው ተደብቄ በሆዴ እየተሳብኩ ወደ አውራው መቅረብ አስቤያለሁ። በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ለደጋን ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሕዝብ መሬት ላይ ይህን አታድርግ። ለምነህ ብታስፈቅደኝም አልፈቅድልህም። በፀደይ ደኑ ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ የሚፈልጉትም ልክ አንተ ከፊትህ የያዝከውን ጅራት ነው። ከጅራቱ በስተጀርባ ሰው እንዳለ በምን ያውቃሉ?

ማማለያህን አንድ ቦታ ተክለህ፣ ከትከሻህ የሚሰፋ ዛፍ ተደግፈህ ተቀመጥ። በመንገድ ላይ ማማለያውን በብርቱካንማ ከረጢት ውስጥ ሸፍነህ ተሸከም፤ ራሱም ጅራቱም ብቅ እንዳይል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የአውራው ራስ ቀለሞች ስለሆኑ ካልሲህና የውስጥ ካናቴራህ እንኳ እነዚህ ቀለሞች እንዳይሆኑ። ሌላ አዳኝ ሲመጣ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ የተርኪ ድምፅም አታሰማ። ሳትንቀሳቀስ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ በሰው ቋንቋ «እዚህ ነኝ» በለው። ማማለያውን ለመንቀል ከመነሳትህ በፊትም ጥቂት ጊዜ ቁጭ ብለህ ከጀርባህ ያለውን ደን ጭምር አዳምጥ።